ፍላሽ ሲያዩ የሚጨፍኑት ርዕሰ መምህርት

ርዕሰ መምህርቷ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከዓይናቸው ያመለጠ ነገር አልነበረም። ፈተና ላይ ወደ ጎረቤቱ ወረቀት ያጮለቀ ተማሪ፣ በኋለኛው በር ሹልክ ያለ መምህር፣ ከደወል በኋላ በአጥር የገባ ደብተር፣ ሁሉንም ያያሉ። ተማሪዎቹ በሹክሹክታ «አራት ዓይና» ይሏቸው ነበር። እኚህ ሴት ግን በሕይወታቸው አንድም ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው ፎቶ ተነስተው አያውቁም።

የሠርጋቸው ፎቶ ላይ ሙሽራው ፈገግ ብሏል፤ እሳቸው ተኝተዋል። መታወቂያቸው ላይም ተኝተዋል። አንድ ቀን ባንክ ቤት መስኮት ላይ የነበረች ልጅ መታወቂያውን አገላብጣ አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ነፍስ ይማር። ሟቿ ምንዎ ነበሩ?» ብላ ጠይቃቸዋለች።

ጡረታ ሊወጡ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። በትምህርት ቤቱ ኮሪደር የቀድሞዎቹ ርዕሳነ መምህራን ፎቶ በተርታ ተሰቅሏል። አምስት ወንዶች፣ አምስት ክራባት፣ አሥር የተገለጠ ዓይን። ለስድስተኛው ሚስማር ተመትቶ ይጠብቃል።

«እኔ ከነዚያ ጎን ተኝቼ አልሰቀልም» አሉ። «ሦስተኛው በሥራ ዘመኑ ሁሉ ቢሮው ውስጥ ሲያንኮራፋ ነው የኖረው። እሱ እንኳ አፍጥጦ ነው የተሰቀለው!»

ይህን ያሉት ለእህታቸው ልጅ ነው። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነች ዘመድ ሁሉ «ትንሿ» ይላታል፤ ቁመቷ ግን በር ስታልፍ ጎንበስ የሚያሰኝ ነው። ሥራዋ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ከአራት ወር በፊት ታላቅ ወንድሟ አዲስ ካሜራ ሲገዛ አሮጌውን ለእሷ ሰጣት፤ ሌንሱ የሚፈታ፣ ቁልፉ የበዛ፣ አንገት የሚያጎብጥ ዲጂታል ካሜራ። እስካሁን ያነሳችው የጎረቤት ድመትና የመድኃኒት መደርደሪያ ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም በ«አውቶ»፣ ካሜራው ራሱ ሁሉን እየወሰነላት። ለዘመድ ግን ካሜራ ያለው ሁሉ ፎቶ አንሺ ነው።

«እትዬ፣ ስቱዲዮ ቢሄዱ አይሻልም?»

«ሄጃለሁ። ሦስቴ። በሦስተኛው ቀን ሰውየው ሲያየኝ ከውስጥ ቆለፈ።»

የመጀመሪያው ሙከራ ቅዳሜ ጠዋት በአክስቷ ሳሎን ነበር። እትዬ ነጭ ኮትና ነጭ ጉርድ ለብሰው፣ መነጽራቸውን ወልውለው ሶፋው ጫፍ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ጡረተኛው ባለቤታቸው ጥግ ላይ ጋዜጣ ያነባሉ። ክፍሉ ጨለም ስላለ፣ ትንሿ ቁልፉን ጫን ስታደርግ የካሜራው ፍላሽ ጠቅ ብሎ ከአናቱ ብቅ አለ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ቀንድ አወጣ እንዴ?» አሉ እትዬ።

ሠላሳ ሁለት ጊዜ አነሳቻቸው። በሠላሳ አንዱ ጨፍነዋል። በሠላሳ ሁለተኛው ዓይናቸው ተገልጧል፤ ግን እንደ ፍም ቀልቷል። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ደግሞ ሌላ ጥቁር ርዕሰ መምህርት ቆማለች። ባለቤታቸው ከጋዜጣው በላይ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣

«እሷን ስቀሉ» አሉ። «ከእንግዲህ የሚያረፍድ ተማሪ አይኖርም።»

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ትንሿ ካሜራውን አንግታ ስቱዲዮ ሄደች። ባለቤቱን ሰፈሩ «ጋሽ ብልጭታ» ይለዋል። ዕድሜው ስልሳን የተሻገረ፣ ጣቱ ረጅም፣ ነገር ሲያስረዳ ዓይኑን የሚያጠብ ሰው ነው። የማን እህት ልጅ እንደሆነች ስትነግረው ለደንበኛ የተዘጋጀው ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠ።

«ሴትዮዋ ናቸው የላኩሽ? ልጄ፣ እኔ የሚያለቅስ ሕፃን አንስቻለሁ። የተጣሉ ሙሽሮች አንስቻለሁ። ማስነጠስ የማያቋርጥ ዳኛ ሳይቀር አንስቻለሁ። እሳቸው ግን ሙያዬን አስጠሉኝ።»

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ የካሜራሽ ፍላሽ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ነው የሚበራው። መጀመሪያ ትንሽ ብልጭ ብሎ ብርሃኑን ይለካል፤ ከዚያ ዋናው ይከተላል። ለእኔና ለአንቺ አንድ ነው የሚመስለን። የአክስትሽ ዓይን ግን ፈጣን ነው፤ በመጀመሪያው ይደነግጥና ዋናው ሲመጣ ተዘግቶ ይጠብቀዋል።»

«ታዲያ እርስዎ በስቱዲዮ መብራት ለምን አቃትዎት?»

«የኔ መብራትማ አንዴ ነው የሚበራው። እሳቸው የሚያዩት ጣቴን ነው!» አለና ረጅሙን ጣቱን አነሳ። «ገና ሳልጫን ይጨፍናሉ። ሠላሳ አራት ዓመት የተማሪ ጣት ሲጠብቁ የኖሩ ሰው፣ የኔ ጣት ያመልጣቸዋል?»

ከመሳቢያው አንገቱ የሚዞር ትልቅ ፍላሽ አውጥቶ ሰጣት። ፎቶው ሲነሳ ዋናው ብቻ እንዲበራ፣ የመጀመሪያውን ትንሽ ብልጭታ ቀድማ ተኩሳ ልኬቱን የምትቆልፍበትንም ቁልፍ አሳያት። «በቀጥታ ፊት ላይ አትተኩሺ። እሱ ሰው ላይ ባልዲ ውሃ መድፋት ነው። ወደ ጣሪያው አዙሪና ልቀቂው፤ ብርሃኑ እንደ ካፊያ ይውረድ። ቀይ ዓይንም የለ፣ ጥላም የለ።»

ረቡዕ ከሰዓት ትንሿ ፍላሹን ወደ ሳሎኑ ጣሪያ አቅንታ፣ ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስራ፣ ጣቷን በፎጣ ሸፍና አነሳች። በአምስተኛው ፎቶ ተአምር ሆነ። ሁለቱም ዓይኖች ተገልጠዋል! ትንሿ ጮኸች፤ ባለቤታቸው ጋዜጣቸውን ጣሉ። ሦስቱም በካሜራው ስክሪን ላይ ተደፉ።

«ትንሿ» አሉ እትዬ ቀስ ብለው፣ «እኔ ታምሜያለሁ?»

ከግንባር እስከ አገጭ አረንጓዴ ሆነዋል። ነጩ ኮትም፣ ሽበቱም፣ ጥርሱም አረንጓዴ ነው። ትንሿ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ባለቤታቸውም ቀና ብለው አዩ፤ ከዚያ ጋዜጣቸውን ከወለሉ ማንሳት ጀመሩ። ጣሪያውን ባለፈው ዓመት በገዛ እጃቸው አረንጓዴ የቀቡት እሳቸው ነበሩ።

«አረንጓዴ ለዓይን ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው» አሉ።

«ጥቁርና ነጭ እናድርገው እትዬ፤ አይታወቅም።»

«አምስቱ ወንዶች በቀለም ተሰቅለው እኔ በጥቁርና ነጭ? በሕይወት የሌለሁ ልመስል? አይሆንም!»

ጋሽ ብልጭታ አረንጓዴዋን ርዕሰ መምህርት ሲያይ እስኪያልበው ሳቀ። እንባውን ከጠረገ በኋላ ግን ተቆጣ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ጣሪያው ነጭ መሆኑን ሳልጠይቅሽ። ብርሃን የነካውን ቀለም ይዞ ነው የሚወርደው። በቃ፣ ፍላሹን ተዪው፤ ወደ ውጭ አውጫቸው።» ከዚያ በቀጭን ቀለበት ላይ የተገጠመ ጠቆር ያለ መስታወት አመጣና ሌንሷ ላይ አሰረላት። «ይህ ፊልተር ነጸብራቅ ይቀንሳል። ለመነጽራቸው ነው። ሌንሱ ላይ እንዳለ ቀለበቱን ቀስ እያልሽ ታዞሪያለሽ። የመስኮት መስታወት ካለ ደግሞ ፊት ለፊት ሳይሆን ሰያፍ ቁሚ። ቤት ውስጥ እንዳትጠቀሚበት፤ ብርሃን ይበላል።»

«ሌላስ?»

«ካሜራሽ ሞኝ መሆኑን አትርሺ። ዓለም ሁሉ ግራጫ ይመስለዋል። ነጭ ነገር ስታሳዪው ብርሃን በዛ ብሎ ይደነግጥና ያጨልመዋል፤ ጥቁር ስታሳዪው ደግሞ ያነጣዋል። እሳቸው ነጭ ከለበሱ የመደመር ምልክቱ ላይ አንድ ጨምሪ። አትከራከሪው፣ ዝም ብለሽ ጨምሪ።»

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ፣ ተማሪዎች ክፍል ውስጥ እያሉ፣ እትዬ በነጭ ልብሳቸው ከአስተዳደሩ ሕንፃ ፊት ቆሙ። ግድግዳው በኖራ የተለቀለቀ ነጭ ነው። ከጎናቸው የራሳቸው ቢሮ ትልቅ መስኮት አለ፤ ላዩ ላይ ሰማዩና የግቢው ዛፍ ስለሚታይበት ውስጡ አይለይም። የመጀመሪያው ፎቶ የደመና ቀን መሰለ። ትንሿ ምክሩን አስታውሳ አንድ ጨመረች።

«አሁን ነጭ ሆንኩ» አሉ እትዬ አይተው። «ግን ተኝቻለሁ።»

እውነት ነው። ፍላሽ ባይኖርም ጣት አለ። ትንሿ ካሜራው ራሱ ቆጥሮ እንዲያነሳ አደረገችው። እትዬ አብረውት ቆጠሩ፤ ልክ በአሥረኛው ሰከንድ ጨፈኑ። ወደ ሁለት ሰከንድ ብትለውጠውም በሁለተኛው ጨፈኑ።

«ሆን ብዬ አይደለም እኮ!» አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ሕፃን ሳለሁም እንዲሁ ነበርኩ። እናቴ ይህቺ ልጅ መታየት ትፈራለች ትል ነበር። ተይው ልጄ። ሚስማሩ ባዶውን ይቅር።»

ትንሿ ቢያንስ የመስኮቱን ነጸብራቅ ላጥፋ ብላ በካሜራው እያየች ሰያፍ ቆመችና የፊልተሩን ቀለበት ማዞር ጀመረች። ሰማዩ ከመስታወቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። ዛፉም ጠፋ። በቦታቸው የቢሮው ጠረጴዛ ታየ፤ ከጠረጴዛው ጎን ደግሞ ምክትሉ።

ምክትሉ እትዬ ጡረታ ሲወጡ ወንበራቸውን የሚረከበው ነው፤ ድሮ የእሳቸው ተማሪ ነበር። አሁን መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አውርዶ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በሌላው ጣቱን ወደ ባዶ ወንበር እየወዘወዘ ይቆጣል። ሦስት እርምጃ ይሄዳል፣ ድንገት ዞር ይላል፣ ቅንድቡን ይሰቅላል። እትዬን እየተለማመደ ነው! ሳይዋጣለት ሲቀር ወደ በሩ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ትንሿ ካሜራው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

«ምንድን ነው የሚያስቅሽ?» አሉ እትዬ። «አምጪ።»

ካሜራውን ነጥቀው በቀዳዳው አዩ። ትንሿ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አለች።

«እኔ የምራመደው እንዲህ ነው?»

«... አዎ እትዬ።»

«ቅንድቤስ?»

«ቅንድብዎም።»

ከዚያ ከእትዬ ደረት አንድ ድምፅ ወጣ። በመጀመሪያ ሳል ይመስል ነበር፤ ቀጥሎ ግን ሳቅ ሆነ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ማንም ሰምቶት የማያውቅ፣ ትከሻ የሚያርገፈግፍ ሳቅ። ካሜራውን መልሰው ሰጧትና መስኮቱን በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉ። ምክትሉ ዞር ሲል መነጽሩ ወደቀ፤ እሱ ግን መነጽሩን ትቶ እንደ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ እጁን ጎኑ ላይ ገትሮ ቆመ። እትዬ በሳቅ እንባ እያቀረሩ ወደ ካሜራው ዞሩ።

«ትንሿ፣ አየሽው? አየሽልኝ?»

ጣቷን ረስተውት ነበር። ትንሿ ሦስት ጊዜ ጫነች።

ጋሽ ብልጭታ ፎቶውን በትልቁ አትሞ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሞ አየው። ነጩ ነጭ ነው፤ መነጽሩ ላይ አንዳች ነጸብራቅ የለም፤ ዓይኖቹ ቦግ ብለዋል። «ለካ ሴትዮዋ ቆንጆ ናቸው» አለ በመጨረሻ፣ ቅር እንዳለው ሰው።

እትዬ መጀመሪያ አሻፈረኝ አሉ፤ ርዕሰ መምህር እንዲህ ጥርሱን ገልፍጦ አይሰቀልም ብለው። ለይቅርታ የመጣው ምክትል ግን ፎቶውን ሲያይ ይዞት የመጣውን ይቅርታ ረሳው። «እኔ ተማሪዎ ሳለሁ ይህንን አንድ ቀን ባይ ኖሮ» አለ፣ «ሒሳብ እወድቅ ነበር እንዴ?» እትዬ ፎቶውን አንስተው ሰጡት።

«ስቀለው» አሉ። «ደግሞ ስትለማመድ ትከሻህን ሰብረህ ነው የምትሄደው። እኔ ቀጥ ብዬ ነው የምራመደው። አስተካክል።»

ፎቶው ተሰቀለ። ከአምስቱ ወንዶች ቀጥሎ አንዲት ሴት በዓይኗም በጥርሷም ትስቃለች። አዲስ የገቡ ተማሪዎች «እሷ ታስተምረን» ይላሉ፤ ነባሮቹ እሳቸው መሆናቸውን አያምኑም፤ መንታ እህታቸው ናት የሚል ወሬም አለ።

ጡረታ በወጡ በሳምንቱ እትዬ ፋርማሲ መጥተው ካሜራውን ለሁለት ቀን ተዋሱ። ይኸው አራት ወር ሆናቸው። ጋሽ ብልጭታ ስቱዲዮ በረዳትነት ገብተዋል፤ መጀመሪያ ያደረጉትም የበሩን ማስታወቂያ የፊደል ስህተት በቀይ ማረም ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ትንሿ ልትጠይቃቸው ጎራ ስትል ጋሽ ብልጭታን በሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«አክስቴ እንዴት ሆኑልዎት?»

«ብርሃን ከኔ በተሻለ ይለካሉ፤ አልዋሽሽም» አለና ወደ ውስጥ አጮልቆ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደንበኛውም በሰዓቱ ይመጣል፤ ማንም አይጎብጥም። ግን እሑድ ዕለት አንድ ትልቅ ሰው፣ ሱፍ የለበሰ ሙሽራ፣ ሽንት ቤት ለመሄድ እጁን አውጥቶ ፈቃድ ጠየቀ።»

«ፈቀዱለት?»

«ሙሽራዋ ስትመለስ ትሄዳለህ አሉት።»