ካርዱ የጠየቀው ስም

በ2001 ዓ.ም. ሰቆጣ ካለችው አንዲት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ጓንጉል ዱላውን በጉልበቶቹ መሐል ተክሎ፣ ለሙግት እንደ ቀረበ ሰው ተቀምጧል። ልጁ ዓይናዲስ ለውጭ አገር ኮሌጅ የምትከፍለው የማመልከቻ ክፍያ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከፋዩ በስዊድን መርከብ ላይ የሚሠራው ታላቅ ወንድሙ የሻምበል ነው። የካርዱን ቁጥር፣ ከጀርባው ካሉት ሦስት አኃዞች ጋር፣ ለልጅቱ በስልክ አስጽፎ ባሕር ገብቷል፤ እስከ እሑድ አይገኝም። ድሮስ በሚፈለግበት ቀን መቼ ተገኝቶ ያውቃል! ጓንጉል እንደሆነ ስልኩንም አልተቀበለው።

የቤቱ ባለቤት ምንይሉ ቁጥሩን መትቶ ሲጨርስ ፊቱን አኮሳተረ።

«አያ ጓንጉል፣ ሌላ ጥያቄ አመጣ። የካርዱ ባለቤት መሆናችንን ሊፈትን ነው። ‹የመጀመሪያ አስተማሪህ ማን ይባላል?› ይላል። ሦስቴ ከሳትን ይዘጋዋል።»

ጓንጉል እሱንም ወንድሙንም ፊደል ያስቆጠረውን የዚያን የኔታ ስም ላይጠራ ከማለ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ለየኔታ ቅጽል ስም አወጣህ ተብሎ ዳዊት ሳይደግም ሲባረር፣ የመሰከረበት ይኸው የሻምበል ነበር። መስካሪው ተምሮ ባሕር ተሻገረ፤ የተመሰከረበት የፃግብጂን ድንጋይ ያርሳል። ፈረንጅም ከጥያቄ ሁሉ መርጦ መርጦ ይቺን አገኘ!

«አባዬ፣ በሞቴ!» አለች ዓይናዲስ።

«መሐላዬስ?»

«እሱን ንስሐ አባትዎ ይፈቱታል። ይሄ ከተዘጋ ማን ይከፍትልኛል?»

«ቅጣው ይባላል» አለ፣ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው።

ቀይ ጽሑፍ መጣ። «አይደለም ይላል» አለ ምንይሉ።

«አይደለም? አለንጋው ጀርባዬ ላይ እያለ?»

«የኔታ ቅጣው» ተብሎ ተሞከረ። አሁንም ቀይ።

«አንዲት ቀረችን፣ አያ።»

ጓንጉል ጢሙን አሸ። ከዚያ፣ «ዱባ በል» አለ።

«ምን?»

«ዱባ! ለቅጣው ያወጣሁለት ስም ነው። ሆዱን አላየኸው!»

«አባዬ፣ አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?»

«ምታው አልኩህ!»

ገጹ ነጭ ሆኖ ቆየ። ከዚያ «ክፍያው ተፈጽሟል» የሚል መጣ። ዓይናዲስ እልልታዋን አቀለጠችው።

«አያችሁ?» አለ ጓንጉል እየተነሣ። «የሻምበል እኮ ‹እኔ በዱባ አልሳቅሁም› ብሎ ወንጌል መትቶ ነው ያስባረረኝ። ለካ ገንዘቡን በኔ ስድብ ቆልፎ ነው የሚኖር!»

ደጃፉ ላይ ሲደርስ ዞረ።

«እሑድ ሲደውል ስልኩን ስጪኝ። መሐላዬን በከንቱ አስፈርሶኛል፤ የንስሐውን ጾም እሱ ይጹምልኝ።»