ልቀቂ

ልጄ ሃዲያ ራግቢ ስትጫወት እኔ የማውቀው ሕግ አንድ ብቻ ነበር። ይዘው መሬት ሲጥሏት ኳሱን መልቀቅ አለባት፤ ካልለቀቀች ዳኛው ይቀጣታል። ስለዚህ ስምንት ዓመት ሙሉ ሜዳው ዳር ቆሜ «ልቀቂ!» እያልኩ ጮህኩ። የወሎ ጉሮሮ ማይክ አያስፈልገውም። ሺፍት እየቀያየርኩ፣ የምነዳውን የኤርፖርት ሻትል ፓርክ አድርጌ እየሮጥኩ ደርሼ ነው የምጮኸው። እሷም ሰምታ ትለቃለች፤ አንድ ቀን እንኳ በዚህ ተቀጥታ አታውቅም።

ይሄ እንግዲህ አስራ አምስት ሰው የሚጫወተው ራግቢ ነው። ባለፈው ዓመት አሰልጣኞቹ «ሃያ ሰባት ዓመት ሞላት፣ ፍጥነቷም ቀንሷል» ብለው አስወጧት። ደሜ ፈላ። እሷ ግን እንባ አልወጣትም፤ በሳምንቱ አስራ ሦስት ሰው ወደሚጫወተው ራግቢ ዞረች። ያኛው ሌላ ጨዋታ መሆኑን ለእኔ ማን ነገረኝ? እዚያ ሲጥሏት ኳሱን አትለቅም። እንደያዘች ትነሳና በእግሯ ወደ ኋላ ለጓደኛዋ ታንከባልለዋለች።

የመጀመሪያ ጨዋታዋ እዚሁ ቬጋስ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ ሜዳ ነበር። መስመሩ አጠገብ ስትደርስ ጣሏት። እኔም እንደ ልማዴ «ልቀቂ!» አልኩ። ለቀቀች። ተጋጣሚዎቹ ኳሱን አንስተው ሮጡ፣ አገቡ፣ ተሸነፍን።

ሃዲያ እዚሁ አሜሪካ የተወለደች ናት፣ አማርኛዋ ይንገዳገዳል። ሁልጊዜ «አንተ» ነው የምትለኝ፤ «እርስዎ» የምትለኝ ስትቆጣ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ ጭንቅላቴ አዲሱን ሕግ ያውቃል» አለችኝ መኪና ውስጥ። «ሰውነቴ ግን እርስዎን ነው የሚሰማው። ለትራያውቱ እንዳይመጡ።»

ትራያውቱ የኔቫዳን ቡድን መምረጫ ነበር፤ በእሷ ዕድሜ የመጨረሻ ዕድሏ። ስምንት ዓመት ያመላለሳት ሰውዬ እንዳይመጣ ተባለ። ሆድ ባሰኝ። ቤት ገብቼ ለእናቷ ለሰኢዳ ስነግራት ሳቀችብኝ።

«ዝም ብለህ ማየት ከቻልክ ሂድ» አለችኝ። «አንተ ዝም ያልክ ዕለት ግን ቬጋስን ጎርፍ ይወስዳታል።»

እልህ ያዘኝ። ሁለት ሳምንት ተለማመድኩ። የድሮ ጨዋታዎቿን ቪዲዮ እከፍታለሁ፤ ስትወድቅ ጥርሴን ነክሼ ዝም እላለሁ። ሃያ ጊዜ ችዬ በሃያ አንደኛው ያመልጠኛል፤ ሰኢዳ ከጓዳ ሆና ትስቃለች፣ እኔ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሰዘርን ሃይላንድስ ካለው ሜዳ ሄጄ አጥሩን ተደግፌ ቆምኩ። አየችኝና ፊቷ ተለዋወጠ። ጣቴን አፌ ላይ አደረግኩላት።

ጣሏት፤ ይዛ ተነሳች። እንደገና ጣሏት፤ አሁንም ይዛ ተነሳች። ጥርሴን ነክሼ ትንፍሽ አላልኩም። ሊያልቅ ሲል ሦስት ሴቶች ተከመሩባትና እኔ ካለሁበት አጥር ስር ወደቀች። ፊሽካ ተነፋ፣ ጨዋታው አለቀ። ሌሎቹ ተነሱ፣ እሷ አልተነሳችም። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ኳሱን ደረቷ ላይ ቆልፋዋለች። የሜዳው ሐኪም መጥታ ልትወስድላት ብትሞክር እምቢ አለች። የኔቫዳ ቡድን አሰልጣኝም ጎንበስ ብላ፣ «ተመርጠሻል፣ ቡድኑ ውስጥ ነሽ። አሁን ኳሴን መልሺልኝ» አለቻት በእንግሊዝኛ። ጭራሽ አጥብቃ ያዘችው።

ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ አነሳች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች መለየት አቃተኝ።

«አባዬ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።

ሁለት ሳምንት የዋጥኩት ቃል ነው። ሲወጣ ግን እንደ ድሮው አልጮህኩትም።

«ልቀቂ፣ ልጄ» አልኳት።

ለቀቀች።