የሰብለ እጅጌ እና የእንግዳው ክንድ

ሽማግሌ ኤርሳዶ የገዛ ልጁን ከመዘምራን ያገደ ዕለት ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ይህን ለሰው የሚያወራው እሱ ራሱ ነው። አብርሃም ልጁን ይዞ ተራራ የወጣውን ያነሣና «እኔም ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም» ይላል። አብርሃም መጨረሻ ላይ ቢላዋውን መልሷል፤ ኤርሳዶ ግን ማይክሮፎኑን ጠበቅ አድርጎ ይዞ የእገዳውን ደብዳቤ እስከ ፊርማው ድረስ አነበበው። መጀመሪያ በአማርኛ አነበበ፤ ከዚያ ከወጣትነቱ ጀምሮ በዚያ መድረክ ላይ እንደለመደው ራሱ ወደ ወላይትኛ ተረጎመው። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ሶዶ ውስጥ የታገደ ሰው ሁለት ጊዜ ይታገዳል።

የልጁ የሰብለ ኃጢአት በግራ እጇ አንጓ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ንቅሳት ነበረች። አንዲት ቃል ናት፦ «እረኛዬ»። ሐዋሳ ተምራ የተመረቀች ሰሞን ነው ያስነቀሰቻት። የመዘምራን ልብስ እጅጌው እስከ ጣት ስለሚወርድ ለረጅም ጊዜ ማንም አላየባትም። ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ በሐሳቧ ገበያ እየዋለች የምትዘምር ብትሆን ኖሮ እስከ ዛሬም ባልታወቀባት። ጥፋቷ ከልቧ ማምለኳ ነው። አንድ እሑድ ዓይኗን ጨፍና ሁለት እጇን ወደ ላይ ስታነሣ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ወረደ፤ ከመዝሙሩ ይልቅ ስልኩ ላይ ያተኮረ አንድ ወንድም ቀረጻት። እስከ ማታ ድረስ ቪዲዮውን አረካ ከተማ የሚኖሩ ዘመዶቿ ሁሉ አይተውት ነበር።

የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ኤርሳዶ ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ ቃለሕይወት፣ ከረባት ሳያስር ዳቦ ቤት እንኳ የማይሄድ ወጣት። ቃለሕይወት ከቪዲዮው የተወሰደ ፎቶዋን በሁለት ጣቱ እየሳበ አሰፋትና ስልኩን በየተራ አዞረ። ከሕጉ መጽሐፍም ስለ ንቅሳት የምትናገረዋ ጥቅስ ተነበበች። ከእሷ በላይ ያለችው ጥቅስ ጢምን ስለ መላጨት ትናገራለች፤ ግን አባላቱ ሁሉ ቅዳሜ ተላጭተው ስለመጡ የጢሙ ጉዳይ ለሌላ ስብሰባ እንዲተላለፍ በሙሉ ድምፅ ተስማሙ።

ያስቸገራቸው ንስሐው ነው። ሌላው ኃጢአት ቀላል ነው፤ የሰከረ መጠጡን ይተዋል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ ጉባኤ ፊት ቆሞ ያለቅስና ይፈታል። ንቅሳትን ግን አልቅሰህ አታስለቅቀውም። አንዱ አዲስ አበባ በመብራት የሚያጠፋ ሐኪም አለ አለ። ሌላው በድንጋይ ቢፈተግስ አለ። በመጨረሻ «ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ ከአገልግሎት ትታገድ» ብለው ወሰኑ። ቆዳዋ እስኪያረጅ ለመጠበቅም ዝግጁ ነበሩ፤ ትዕግሥት የመንፈስ ፍሬ ነው።

ኤርሳዶ ግን ስልኩ እጁ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር አይቷል። ሰብለ ገና ሕፃን ሳለች እናቷ ታማ ሆስፒታል የተኛች ጊዜ፣ ልጅቷን ጭኑ ላይ አስቀምጦ አንድ ጸሎት ያስጠናት ነበር። ሌላው ሁሉ ይጠፋባትና የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ እየደጋገመች ትተኛለች። «እረኛዬ፣ እረኛዬ።» እናቷ ከሆስፒታሉ አልተመለሰችም። ያቺ ቃል ግን ይኸውና ልጅቷ እጅ ላይ ቀርታለች። ይህን ለኮሚቴው ለመንገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። ነገር ግን «ለልጁ ሲሆን ጊዜ!» የሚሉትን ሰዎች በሐሳቡ አያቸው። ስልኩን ለሚቀጥለው አቀበለና «ሕግ ሕግ ነው» አለ።

ከዚያ ወዲህ ሰብለ ቤት ውስጥ አልሰደበችውም፣ አላለቀሰችበትም። ምሳውን ታቀርብለታለች፣ «ደኅና ዋሉ» ትለዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ «አንተ» ስትለው የኖረችውን አባቷን «እርስዎ» አለችው፤ «አባዬ» የሚለው ቃል ከቤቱ ወጣ። ድሮ እሑድ ምሳ ላይ በትርጉሙ ትስቅበት ነበር፤ «አባዬ፣ ሰባኪው ያን ሁሉ ተናግሮ አንተ በሁለት ቃል ጨረስከው እኮ!» እሱም «ፍሬውን ነው የወሰድኩት» ብሎ ይመልስላታል። አሁን ፍሬውንም ገለባውንም የሚጠይቀው ሰው የለም። ለኤርሳዶ በየእሑዱ ወጡ ጨው ያነሰው ይመስለው ጀመር፤ ጨው አላነሰም፣ ልጁ ናት የናፈቀችው።

ሳይደግስ አይጣላም ይባላል። ያን ሰሞን ወንድም ማርቲን የሚባል የውጭ አገር እንግዳ ለኮንፈረንሱ እንደሚመጣ ተሰማ። ሰውየው የአዲሱን አዳራሽ ጣሪያ ለማስጨረስ ተስፋ ሰጥቷል። አዳራሹ ግድግዳ አለው፣ ማይክሮፎን አለው፣ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴም አለው፤ ያጣው ጣሪያ ብቻ ነው። ለጊዜው ሸራ ተወጥሮበታል። በላከው ፎቶ እንግዳው ኮት ለብሶ ስለነበር ማንም አልጠረጠረም።

ከመኪናው የወረደው በካናቴራ ነው። ቀኝ ክንዱ ላይ እባብ ተጠምጥሟል፣ ከእባቡ ሥር የራስ ቅል ጥርሱን ያሳያል። ግራ ክንዱን ደግሞ ከትከሻው እስከ አንጓው አንድ እረኛ ሞልቶታል፤ ግልገል ተሸክሟል፣ ከኋላው ተራራ አለ፣ ደመናም አይቀር። የሰብለ ባቄላ ከሆነች የሰውየው ማሳ ነው።

ኮሚቴው ከመኪናው ኋላ ቆሞ አስቸኳይ ስብሰባ አደረገ። ከረባታሙ ቃለሕይወት መላውን አገኘላቸው።

«እሱ እኮ የተነቀሰው ጌታን ሳያውቅ ነው» አለ። «እሷ ግን እያወቀች።»

ሁሉም እፎይ አሉ። ጣሪያ የቸገረው ጉባኤ ነገረ መለኮት አያጣም። ለጥንቃቄ ግን እንግዳውን ዱንጉዛ አለበሱት፤ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ የሆነውን የወላይታ የክብር ልብስ፣ እጅጌው ሰፊና ረጅም የሆነውን መርጠው። ክብርም መጋረጃም ሆነላቸው። ሰውየው ደስ ብሎት ፎቶ ተነሣ።

አንድ ችግር ሲሄድ አንድ ይመጣል። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉመው የዩኒቨርሲቲው መምህር ናኦል በወባ ተኝቷል። ከእሱ ሌላ የሚችል ማን ነው ቢባል ሁሉም መሬት መሬቱን አዩ። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ሰብለ በመጨረሻው አግዳሚ፣ በታገዱ ሰዎች ቦታ ተቀምጣለች። የታገደ ሰው ደግሞ መድረክ አይወጣም።

«መተርጎም አገልግሎት አይደለም» አለ ቃለሕይወት። «ሙያ ነው።»

ኤርሳዶ ዕድሜውን ሙሉ ሲተረጉም አገልግሎት እንደነበር አስታወሰ። ወደ ልጁም ሄደ።

«ትተረጉሚያለሽ» አላት። «እጅጌሽን ዝቅ አድርጊ። ስለ ክንዱ ምናምን ካነሣ ደግሞ እለፊው። ካለፍሽው የአንቺን ጉዳይ በዚሁ ሳምንት እንጨርሰዋለን።»

ሰብለ ተነሣች። «ያለውን ነው የምለው» አለችው፤ ሌላ አልጨመረችም።

መድረኩ ላይ ሦስት ሆነው ቆሙ። እንግዳው በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ ሰብለ ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች፣ ኤርሳዶ የእሷን ተቀብሎ ወደ ወላይትኛ ይመልሰዋል። ከገጠር ለመጡት እናቶች ቃሉ የሚደርሰው በሦስተኛው አፍ ነው። ከፊት አግዳሚ ላይ ከሃላሌ የመጡት እማማ አስናቀች ተቀምጠዋል፤ ኤርሳዶን በልጅነቱ አዝለው ያሳደጉ፣ አማርኛ የማይሰሙ፣ በመላው ጉባኤ ውስጥ እሱን የማይፈሩ ብቸኛ ሰው ናቸው።

ፀሐይዋ ሸራውን አግላ አዳራሹ እንደ ምድጃ ጋለ። እንግዳው ላቡን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። በመጨረሻ ዱንጉዛውን አወለቀና በጥንቃቄ አጣጥፎ ፊት ለፊት ለተቀመጠው ለቃለሕይወት አስያዘው። አዳራሹ ጉም ጉም አለ። ሰውየው ቀኝ ክንዱን አነሣ።

«ይህ የድሮ ሕይወቴ ነው» አለች ሰብለ ተቀብላው። «ሰካራም ነበርኩ፣ ተደባዳቢ ነበርኩ።»

ኤርሳዶ ይህን በደስታ ተረጎመው። የድሮ ኃጢአት ሲነገር ደስ ይላል። እንግዳው ቀጥሎ ግራ ክንዱን፣ ባለ እረኛውን አነሣና ረጅም ነገር ተናገረ። ሰብለ አባቷን አየት አደረገችው። ከዚያም ድምፅዋን ሳትቀንስ፣

«ይህን ግን ያስነቀስኩት አምና ነው፤ ከዳንኩ፣ ከተጠመቅኩ በኋላ። ስጠፋ ፈልጎ ያገኘኝን እረኛዬን ላመሰግንበት ብዬ ነው» አለች።

ሁሉም ወደ ኤርሳዶ ዞረ። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋና በወላይትኛ «ጌታ መልካም ነው ይላል» አለ።

ሁለቱን ቋንቋ የሚሰማው የከተማው ወጣት ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እንግዳው ጨዋታው የተወደደለት መስሎት አብሮ ሳቀና ክንዱን እንደዘረጋ ከመድረክ ወረደ። እማማ አስናቀች ክንዱን ያዙት። ግልገሉን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ይለቅ እንደሆነም ፈተግ አድርገው አዩት።

«እረኛ ነው አይደል?» አሉ በወላይትኛ። «መቼ አሠራው?»

ኤርሳዶ ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለሰ፣ ሰብለ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። መልሱ በመጣበት መንገድ ተመለሰ፦ አምና፣ ከዳንኩ በኋላ። አሮጊቷ የኤርሳዶን አፍ አፉን ያያሉ። ማምለጫ አልነበረውም፤ እንዳለ ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የእንግዳውንም ክንድ መታ መታ አደረጉ።

«ታዲያ አንተ ልጅህን ለምን አባረርካት?» አሉት።

 እንግዳው ምን አሉ ብሎ ሰብለን ጠየቃት። ለሰብለ ወላይትኛ ከእናቷ ጡት ጋር የጠባችው ቋንቋ ነው፤ አንድም ቃል አላመለጣትም። ነገር ግን ለእንግዳው በትሕትና ፈገግ አለችና በእጇ ወደ አባቷ አመለከተች። የእሷ ሥራ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ነው፤ ሥርዓት ሥርዓት ነው።

ኤርሳዶ ወደ ልጁ ዞረ። «ልጅህን ለምን አባረርካት ይላሉ» አለ በአማርኛ። ያ የማይንቀጠቀጠው ድምፁ ተንቀጠቀጠ።

እሷም ተረጎመችው። እንግዳው ግራ ተጋብቶ አንድ ነገር ጠየቀ።

«የትኛዋን ልጅ? ይላል» አለች ሰብለ።

«ይህችን» አለ ኤርሳዶ።

ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞሮ ማንም ያልጠየቀውን በወላይትኛ ተናገረ። ሲጨርስ እሱኑ፣ አንድም ቃል ሳይቆርጥ፣ ወደ አማርኛ መለሰው።

«ፈርቼ ነው። ሰው ለልጁ አደላ እንዳይለኝ ፈርቼ ነው። ቃሏን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ እናቷ ስትሞት እኔ ነኝ ጭኔ ላይ አድርጌ ያስተማርኳት። ያን ቀን ሳያት አውቄያታለሁ። አውቄ ዝም አልኩ።»

ሰብለ ወደ እንግሊዝኛ ልትመልሰው አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣላትም። ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ያዘችና አቀረቀረች። እንግዳው ትንሽ ጠበቀ። ትርጉሙ እንደማይመጣለት ሲያውቅ ሁለት ክንዶቹን ዘርግቶ «ሃሌ ሉያ!» አለ። ጉባኤውም ተቀበለው፤ አስተርጓሚ የማይፈልግ ቃል ያ ብቻ ነበር።

በሳምንቱ መካከል ኮሚቴው ተሰበሰበ። ቃለሕይወት የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጅቶ መጥቷል። እህት ሰብለ ረጅም እጅጌ እየለበሰች ወደ መዘምራን ትመለስ፤ ጉዳዩ ጥናት ላይ ይቆይ፤ በማስታወቂያ እንዳይነገር። በተጨማሪም የእንግዳው ፎቶ በገጻችን ሲለጠፍ ከአንገት በላይ ይሁን።

«ስለ ፎቶው እንደፈለጋችሁ» አለ ኤርሳዶ። «ልጄን ግን ያገድኳት በማይክሮፎን ነው።»

«ወንድም ኤርሳዶ፣ ሰው ምን ይላል?» አለ ቃለሕይወት።

«የሚለውን ይላል። እኔ እተረጉመዋለሁ።»

እሑድ መድረክ ላይ ወጣ። እገዳው መነሣቱን በአማርኛ አነበበ፤ ጥፋቱ የማን እንደነበረም ስም ጠርቶ ተናገረ፣ የራሱን። ከዚያ በወላይትኛ መለሰው። እንደ ልማዱ ፍሬውን ብቻ አልወሰደም፤ እንዲያውም ከአማርኛው ረዘመ። ሰብለ ከመዘምራኑ መካከል ቆማለች፣ የእጅጌዋን ጫፍ በኮሚቴው ውሳኔ መሠረት በጣቶቿ ጨብጣ። ኤርሳዶ ማይክሮፎኑን ሊያስቀምጥ ሲል አያትና በወላይትኛ አንድ ነገር ጨመረ።

«ሙቀት ነው ልጄ፤ እጅጌሽን ሰብስቢው።»

ምሳ ላይ ሳህኑን አስቀመጠችለትና ከፊቱ ተቀመጠች። እጅጌዋ እንደተሰበሰበ ነበር።

«አባዬ» አለችው፣ «ያቺን የመጨረሻዋን ግን በአማርኛ አልደገምካትም።»

ኤርሳዶ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። ቃሉን ከሰማው ቆይቷል።

«እሷን ለጉባኤው አልነበረም የተናገርኳት» አላት።