የማትሞቀው ሰይቼንቶ

ፊሽካውን ሁለተኛ ሳይነፋ መኪናዋ ቆመች። አሥር አለቃ ገብረወልድን የገረመው መቆሟ ሳይሆን ስትመጣ አለመሰማቷ ነው። የኋላ ወንበሯ እስከ ጣሪያዋ ዳቦ የተጫነባት ትንሽ ነጭ ፊያት ሰይቼንቶ፣ በገበያው በኩል ሹልክ ብላ አፍንጫው ሥር ደርሳለች።

ቀኑ እሁድ ነው። እሁድ ቤንዚን ለመቆጠብ ሲባል ፈቃድ የሌለው የግል መኪና ከግቢ አይወጣም፤ ከወጣም ይታሰራል። ገብረወልድ ደግሞ በዚህ ቁጥጥር ናዝሬት ሙሉ የሚያውቀው ሰው ነው። የተያዘ ሾፌር ሁሉ «ላጥባት ብዬ አሁን ነው ከግቢ ያወጣኋት» ይላል። እሱ ታዲያ ምን ክርክር ያስፈልገዋል? መዳፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፍና «ከሞጆ ነው የመጣኸው» ይላል። አንድም ቀን ስቶ ስለማያውቅ ሾፌሮቹ «ቴርሞሜትሩ» ብለው ስም አውጥተውለታል።

ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ግን ነበር። እጁ በተፈጀ ቁጥር «ይሄ ሁሉ ሙቀት ለማን ነው?» ይላል በልቡ። ሰው ኩፖኑን ይዞ ማደያ በር ላይ ያድራል፣ ይጋፋል፣ ይሰዳደባል፤ እንዲያ የተገኘው ቤንዚን ደግሞ ብረት አሙቆ ይቀራል። ይሄ ነገር ያናድደው ነበር።

የሰይቼንቶ ሞተር ከኋላ ነውና ወደ ኋላዋ ዞረና መዳፉን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈ። ቀዝቃዛ ነው። እጁን አንስቶ እንደገና አሳረፈ። ያው ነው።

«አካም ቡልቴ፣ አሥር አለቃ» ሲል በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለው ሾፌሩ እየወረደ። ባጫ ነው፤ ባትሪ የሚሞላው፣ ጢሙ የሸበተው ሰውዬ። ከጎኑ የተቀመጡት የዳቦ ቤቷ ባለቤት አሰለፈች ናቸው።

«ናጋ፣ ደህና ነኝ፣ ጋሽ ባጫ። ማን ገፍቶላችሁ ነው እዚህ የደረሳችሁት?»

«ዳቦ ጭነን ማን ይገፋናል! ራሷ መጣች።»

«ሞተሩ አልሞቀም እኮ!»

«ምን ሞተር አላትና ይሙቅ?» ባጫ ክዳኑን ከፈተው። ሞተሩ በነበረበት ቦታ ከወፍጮ ቤት ዲናሞ የማይተልቅ ብረት ተቀምጧል። ቀጥሎም የፊቱን ከፈተ፤ የጭነት መኪና ባትሪዎች ተደርድረዋል። «በባትሪ የሚሄድ የፋብሪካ ዕቃ ማመላለሻ ጋሪ ዲናሞ ነው፤ ከቁርጥራጭ ብረት መሃል አገኘሁት። ማታ ከመብራት ቆጣሪ እሞላታለሁ። ቤንዚን በአፏ አይዞርም።»

«ፈቃዱስ?»

«ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ፣ የኔ ልጅ» አሉ አሰለፈች። «የሚፈርመው ሰው ሁልጊዜ ስብሰባ ነው። ሆስፒታሉ ደግሞ ዳቦው አንድ ሰዓት ላይ ካልደረሰ ውሉን ለሌላ እሰጣለሁ ብሎኛል። ቤቴ ስድስት ሠራተኛ አለ፤ ሁሉም የሚያድረው በዚህ ውል ነው።»

ገብረወልድ ሰዓቱን አየ። ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። መመሪያው «ማንኛውም የግል ተሽከርካሪ» ይላል እንጂ ሞተር ያለውና የሌለው ብሎ አይለይም። ባለፈው ወር አንድ ባልደረባው አንዲት መኪና አይቶ እንዳላየ አሳለፈ ተብሎ በሦስት ቀን ውስጥ ሞያሌ ተመድቧል። የእሱ ሚስት ሙሉብርሃን ደግሞ የእርግዝናዋን ስምንተኛ ወር ይዛለች። በዚህ ጊዜ ሞያሌ! ምነው እቴ! ያን ቀዝቃዛ ክዳን የነካው እጁ ግን አላስቀምጥ አለው።

«እሺ፣ ዳቦ ጭና ዳገት ትወጣለች?»

«አብረኸን ውጣና እያት!»

አሰለፈች ወርደው ወንበሩን ለቀቁለት፤ ራሳቸው ከኋላ የዳቦ ሳጥኖቹን ገፋ አድርገው መሃላቸው ተሸጎጡ። ባጫ አንድ ማብሪያ ጫን ሲል መኪናዋ ትንሽ ሲርር ብላ ተንቀሳቀሰች። መንገዱ ላይ አህያ ተጋርጦ ሲያቆማቸው ሲርር የሚለው ድምፅም ጠፋ።

«አሁን ምን እየበላች ነው?» አለ ገብረወልድ።

«ምንም። ቆማ አትበላም። የጣቢያችሁ ላንድሮቨር አዛዣችሁን ሻምበሉን በር ላይ ስትጠብቅ ስንት ትጨርሳለች?»

ገብረወልድ ሳቁ አመለጠው። «እሱን ይተዉት። ሙቀቱ የት ሄደ?»

«ቤንዚን እሳት ነው፣ ልጄ። ከአሥር ጣሳ ቤንዚን ጎማ የሚያዞረው ቢበዛ ሁለቱ ነው። ስምንቱ ብረት ያሞቃል፣ ውሃ ያፈላል፣ ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል። አንተ ስንት ዓመት ሙሉ በእጅህ ስትለካ የኖርከው እነዚያን ስምንቱን ነው። ይቺኛዋ ግን ከቆጣሪ ከወሰደችው አብዛኛውን ለጎማ ነው የምትሰጠው።»

«ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን አያደርገውም?»

«አይ! ጉድማ አላት። ከሠላሳ ኪሎ ሜትር በላይ አትሄድም። ደራ አድርሳኝ ነበር፤ የተመለስነው ግን በበሬ ተጎትተን ነው።»

ከኋላ አሰለፈች ዳቦው ላይ ተደፍተው ሳቁ።

ዳገቱን ቀስ ብላ፣ ግን ሳታቋርጥ ወጣችው። ሆስፒታሉ በር ላይ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረሱ። ዘበኛው ዳቦውን ሲያወርድ ገብረወልድ ቶሎ ብሎ ክዳኑን ከፈተና መዳፉን ዲናሞው ላይ አሳረፈ። ለብ ብሏል። በሌላ እጁ ከሳጥኑ አንድ ዳቦ አንስቶ ያዘ፤ ከዲናሞው ይልቅ ዳቦው ይሞቃል። ሁለቱንም እጆቹን አየና እንደ ልጅ ደስ አለው።

አሰለፈች ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔ ልጅ፣ እንግዲህ ዝም ብለህ ሂድ። ማንም አላየን።»

እውነታቸውን ነው። ዝም ቢል ሞያሌም የለ፣ ጥያቄም የለ። ግን የሚመጣው እሁድ ተረኛው ሌላ ሰው ነው፤ እሱ መኪናዋን ከነዳቦዋ ይይዛታል። ገብረወልድ ከኪሱ የቁጥጥር መዝገቡን አወጣ። የአሰለፈች ፊት ጠቆረ፤ ባጫም አንገቱን ደፋ።

ታርጋውን ጻፈ። ሰዓቱን ጻፈ። «ጥፋት» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶው ትንሽ ቆመ።

«የለም» ብሎ ጻፈ። «ቤንዚን አትጠቀምም። ዳገት ከወጣች በኋላ በእጄ አረጋግጫለሁ፤ ዲናሞዋ ከጫነችው ዳቦ ይቀዘቅዛል።»

«ጋሽ ባጫ፣ ነገ ጠዋት ጣቢያ ይዘዋት ይምጡ» አለ ቀና ሳይል። «ሻምበሉም እጃቸውን ያሳርፉባት።»

ከዚያም ከሥሩ ስሙን ከነአባቱና ከነማዕረጉ ጻፈና ፈረመበት።