ገዳይ ፉል

«ፉል የሐበሻ ምግብ አይደለም ብያለሁ፤ አይደለም!» ወንድማገኝ ይህን ሲጽፍ አፉ በፉል ሞልቶ ነበር።

«መጀመሪያ የጎረስከውን ዋጥ!» ብሎ ደረበ መለሰለት፤ እሱም በጽሑፍ።

ሁለቱ የተቀመጡት ፊት ለፊት፣ ከሱዳናዊቷ ፉል ሻጭ ከኢኽላስ የሸራ ጥላ ሥር ነው። ክርክሩ ግን የገንዳ ውሃ ልጆች በከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነበር። ትናንት ስለ ምርጫ ተሰዳድበውበታል፤ ከትናንት ወዲያ ቡና በጨው ይጠጣል አይጠጣም ብለው። ከጎንደርም፣ ከውጭ አገርም፣ ከየት እንደሆነ የማይታወቅም ሰው እየገባ ይፈርድ ነበር።

ደረበ የትራክተር ሹፌር ነው፤ በክርክር መሸነፍ አይወድም። ሳህኑን ከነኢኽላስ ፎቶ አነሣና ከሥሩ፦ «የኢኽላስ ፉል ገዳይ ነው! ያልበላ አይናገር» ብሎ ለጠፈ። በነሱ አገር ገዳይ ማለት ሙገሳ ነው፤ በሠርግ ላይ ገዳይ ተብሎ የተዘፈነለት ወንድ ደረቱን ይነፋል። ወንድማገኝ አንብቦ ሳቀ፤ ተጨማሪ ዳቦም አዘዘ።

በዚያው ሳምንት ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ሞተ። ትኩሳት ጥሎት ነበር። ወደ እርሻው ከመውጣቱ በፊት ኢኽላስ ዘንድ ሲበላ ያዩት ነበሩ። ከግሩፑ አንዱ ነገሩን ገጣጠመው፦ «ፉሉን ገዳይ ነው ያለው ራሱ የአገሩ ልጅ ነው። ሟቹ የት እንደበላ ጠይቁ።» ሌላው ቀጠለ፦ «ሱዳኖች መሬታችንን መያዛቸው አልበቃ ብሏቸው!» ፎቶው ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ዞረ።

በማግሥቱ ድስቱ እንደሞላ፣ አግዳሚው ባዶ ነበር። ደረበ ብቻ መጣ።

«ያ ደረበ» ብላ ኢኽላስ በዐረብኛ አጠራር ጠራችው፤ «ገዳይ ምንድነው?»

«ጥሩ ማለት ነው። በጣም ጥሩ።»

«ሰው መግደል አይደለም?»

«እሱም ነው።»

የድስቱን ክዳን መልሳ ገጠመች። ከሱዳን፣ ከመደኒ ከተማ ጦርነቱን ሸሽታ የገባች ሴት ናት። በተጠለለችበት ካምፕ ዘራፊዎች እህቷን ከገደሉባት ወዲህ ነው ወደ ከተማው መጥታ እትዬ እመቤት ዘንድ ክፍል የተከራየችው።

«እትዬ እመቤት ነገ ልቀቂ ብለዋል። ሰው ቤቴን ያቃጥላል ብለው ፈሩ። አንተ ጻፍላቸው፤ ጥሩ ማለት ነው በል። ወላሂ፣ ካምፕ አልመለስም።»

ደረበ እዚያው ቆሞ ጻፈ፦ «ገዳይ ያልኩት ጣፋጭ ለማለት ነው። ልጁን የገደለው ወባ ነው። በትራክተሬ ጭኜ ሐኪም ቤት ያደረስኩት እኔ ነኝ።»

መልሱ ወዲያው ጎረፈ። «ስንት ቋጠረችልህ?» «ፉል ብቻ ነው የምታበላህ?» ይህንስ ይችለው ነበር። ፎቶ የሌለው አንዱ ግን እንዲህ አለ፦ «ሹፌሩን እናውቀዋለን። በየት በኩል ወደ እርሻ እንደሚወጣም እናውቃለን።»

ወደ እርሻው የሚወስደው መንገድ ጫካ ያቋርጣል። ባለፈው ክረምት ከዚያ ታግቶ የተወሰደ ሹፌር እስካሁን አልተመለሰም። ደረበ ጣቱን የጻፈው ላይ አሳርፎ አጠፋው።

ኢኽላስ በትከሻው በኩል ታይ ነበር፤ የአማርኛ ፊደል ግን አታነብም።

«ጻፍክ?»

«ጻፍኩ።»

«ሹክረን» ብላ አመሰገነችውና ፉል ጨልፋ ሰጠችው። ቆሞ በላ።

ከሰዓት በኋላ ወንድማገኝን ፈልጎ አገኘው። «ወንዴ፣ አንተ እንኳ አንድ ቃል ብትል?»

«እኔማ ከመጀመሪያውም አይደለም ብዬ ነበር።»

«የሐበሻ ምግብ አይደለም ነው እኮ ያልከው!»

«አሁን ማን ይለየዋል? ተወው፤ እኔም ልጆች አሉኝ።»

በነጋታው ሁለቱ ከእትዬ እመቤት ቤት ትይዩ ካለው ሻይ ቤት በረንዳ ተቀምጠዋል። ሌሊቱን አዲስ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ እንቁላል የሌለው ዶሮ ወጥ፣ ዶሮ ወጥ ይባላል ወይስ አይባልም?

«የድሃ ዶሮ ወጥ ይባላል» አለ ወንድማገኝ፤ በረንዳው ሁሉ ሳቀ።

ፍራሽና የፉል ድስት የጫነ ባጃጅ ከግቢው ወጣ። የሰሊጥ ጆንያ መንገዱን አጥብቦት ስለነበር ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ደረበ ቀና ሳይል እግሩን ሰበሰበ።

«መልስ እንጂ! ፈራህ እንዴ?» አለው ወንድማገኝ።

«ቆይ፣ እየጻፍኩ ነው።»

ባጃጁ አልፎ ወደ አስፋልቱ ታጠፈ።