የመገበሪያው ግርድ

የስጦታ ሆድ መነፋት ከጀመረ ሁለት ወሩ ነው። ያላገባች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆዷ ሲገፋ አገር ምን እንደሚል የታወቀ ነው፤ የሰው አፍ መቼ ሥራ ይፈታል! እናቷን ወለተ ጊዮርጊስን ያስጨነቃት ግን ሐሜቱ አልነበረም። የልጅቷ ክንድና እግር እየቀጠነ ሆዷ ብቻ እንደ እንስራ ተወጠረ። በጠበሉም አልሻላት ሲል ከመካነ ብርሃን በበቅሎና በመኪና ደባርቅ ሐኪም ቤት አደረሰቻት።

ዶክተር ኤልሳቤጥ ሆዷን ዳሰሰች፤ በቀኝ ጎኗ ከጎድን አጥንቷ ሥር ስትጫናት ስጦታ ጮኸች። ሽንትና ሰገራዋን አስመረመረች፣ በአልትራሳውንድም ደጋግማ አየች። ወለተ ጊዮርጊስ ዓይኗን ከሐኪሟ ፊት አልነቀለችም፤ ያ ፊት ደግሞ እየጠቆረ ሄደ። ስጦታን አልጋዋ ላይ ትተው ወደ በረንዳው ወጡ።

«እርግዝና አይደለም፤ ቢልሃርዚያም አይደለም» አለች ኤልሳቤጥ። «ሆዷ ውኃ ቋጥሯል። ደም ወደ ጉበቷ ይገባል፤ የሚወጣባቸው ሥሮች ግን የተዘጉ ይመስለኛል። እናቴ፣ ቤት ውስጥ እንዲህ ያበጠ ሌላ ሰው አለ?»

«ኧረ የለም፣ እሷ ብቻ ናት።»

«እሷ ብቻ የምትወስደው ነገርስ? ቅጠል፣ ሥራሥር?»

«በኪዳነ ምሕረት! የቄስ ቤት እኮ ነን፤ ቅጠል ምን ሲደረግ! እኔ የማበላት በረከት ነው።»

«የምን በረከት?»

ወለተ ጊዮርጊስ በኩራት ነገረቻት። የደብሩን መገበሪያ፣ ለቁርባን የሚሆነውን ስንዴ፣ አንድ በአንድ የምትለቅመው ስጦታ ናት። የሚተርፈው ግርድ የቤተ ክርስቲያን ነውና አይጣልም፤ ለለቃሚዋ ይተዋል። እናቷ እሱን ፈጭታ ቂጣ ትጋግርላታለች። ከታመመች ወዲህማ ለፈውስ ብላ ጧትና ማታ አድርጋዋለች።

«ግርዱ ውስጥ ምን ምን አለ?»

«ምን ይኖራል፣ ስባሪ ስንዴ፣ የአረም ፍሬ…»

«አንዳንድ አረም የጉበትን ደም ሥር ይዘጋል» አለች ኤልሳቤጥ ቀስ ብላ። «ዛሬውኑ ካቆመች ልትድን ትችላለች። ከቀጠለች ግን፣ አልዋሽዎትም፣ ትሞታለች።»

ልጅቷ በገዛ ጣቶቿ ለይታ ያወጣችውን መርዝ መልሳ ያጎረሰቻት እናቷ ናት! ወለተ ጊዮርጊስ ወደ ክፍሉ ሮጣ ስትገባ ስጦታ ከቤት የያዙትን ስንቅ ፈትታ ያንኑ የግርድ ቂጣ ታላምጣለች።

«ትፊው ልጄ፣ ትፊው!» አለች መዳፏን ከአገጯ ሥር ዘርግታ።

ስጦታ ደንግጣ አፏን ግጥም አደረገች፤ ዋጠችውም።

«እማ ደግሞ፣ በረከት ይተፋል እንዴ?»