የአቶ ረዳኢ የቆብ አርማ

መድኃኒት መዶሻዋን ሦስተኛ ጊዜ ስታሳርፍ አርማው «ቀጭ» ብሎ ለሁለት ተሰበረ። ክው አለች። ቁራጮቹን አንስታ ገጠመቻቸው፣ ለቀቀቻቸው፣ እንደገና ገጠመቻቸው። የተሰበረ ነገር በማየት ብዛት አይድንም።

የራሷ ዕቃ ቢሆን ባልከፋ። አርማው አቶ ረዳኢ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ሠላሳ ዓመት ቆባቸው ላይ ያደረጉት ነው። ባለቤታቸው አደይ ሲምረት ነገ የሙት ዓመቱን መታሰቢያ አድርገው ጥቁራቸውን ያወልቃሉ፤ ነጩን ነጠላ ደረታቸው ላይ የሚይዙበት ብሮሽ ከዚህ አርማ እንዲሠራ ፈለጉ። ወርቅ ሠሪው «በብየዳ ነው የምሠራው» ሲላቸው የአርማው አረንጓዴ ቀለም ይቃጠላል ብለው ጥለውት ወጡ። ካዛንቺስ ያለ እሳት የምትሠራ ልጅ አለች ሲባሉ ነው ከላንቻ ድረስ የመጡት። የማኅበር እህቶቻቸውም ነገ አይተው ሊያዝዙ ተነጋግረዋል። ለመድኃኒት ይህ ከተገኘ ሥራዋ ሥራ ሆነ ማለት ነው።

በእርግጥም ብየዳ አታውቅም። መዳብ ትቆርጣለች፣ ጠርዙን እንደ ጥፍር አጥፋ ጌጡን ታስይዘዋለች፣ መርፌውን ከኋላ በሪቬት፣ ጫፉ በሚቀጠቀጥ ትንሽ ሚስማር፣ ታያይዘዋለች። በዚህ ትኮራለች፤ ጉድ የሠራትም ኩራቷ ነው። ለቆብ ተብሎ የጎበጠ አሮጌ ነሐስ ሳይሞቅ ከተመታ እንደሚሰበር ጀማሪ እንኳ ያውቃል። እሷ ግን ነጠላው ላይ ልጥፍ ብሎ እንዲተኛ ፈለገች። «ትንሽ ብቻ» አለች፣ ሦስት ጊዜ።

አጠገቧ በርና መስኮት የሚበይደው አምኃ መዶሻዋ ዝም ሲልበት ብቅ አለ።

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

ሁለቱን ቁራጭ አሳየችው።

«ወይኔ! በይ አምጪው ልበይድልሽ፣ በቃ አንድ ደቂቃ ነው።»

«ቀለሙስ?»

«ማለቴ… ቀለሙማ ይሄዳል።» ራሱን አከከ። «ስሚ፣ ለገሃር አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰውዬ ጋ አይቻለሁ። ቁርጥ ይሄንን። ማን ያውቅብሻል?»

«አታፍርም? የሟች ዕቃ እኮ ነው!» ብላ ጮኸችበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን የለገሃር ታክሲ ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

የተገኘው አርማ ልክ ያው ነበር፤ እንዲያውም ቀለሙ የተሻለ። ይሄኛውን በመዶሻ አልነካችውም። መዳቡን በጉብጠቱ ልክ አጎበጠችው፣ ጥፍሮቹን በፒንሳ አጠፈቻቸው፣ መርፌውን አስያዘች። እስከ ዛሬ ከሠራቻቸው ሁሉ አማረ። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

አሥር ሰዓት ላይ አደይ ሲምረት ከራስ እስከ እግራቸው በጥቁር ሆነው ገቡ። ዱካዋ ላይ ተቀምጠው ብሮሹን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

«እንዴት አድርገሽ አበራሽው ልጄ! አዲስ ሲሰጡት ልክ እንደዚህ ነበር።»

ሳሙት። መልሰውም ሳሙት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

መድኃኒት የማያውቁትን ሰው አርማ ሲስሙ ቆማ ማየት አልቻለችም።

«አደይ፣ ይቅር ይበሉኝ። እሱ የባለቤትዎ አይደለም።» ከሽርጧ ኪስ ሁለቱን ቁራጭ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ስመታው ሰበርኩት። ፈርቼ ሌላ ገዛሁ።»

አደይ ሲምረት ብሮሹን ቀስ ብለው አስቀመጡና በነጠላቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ጠረጉ።

«እና ይሄ የማን ነው?»

«አላውቅም።»

«የማን እንደሆነ በማላውቀው ዕቃ ልታስለቅሺኝ ነበር።»

መድኃኒት እንባዋ ቀደማት። ሴትዮዋ የባላቸውን ቁራጮች ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ አንዱን በአውራ ጣታቸው አሻሹት። ውጭ አምኃ ብየዳውን አቁሟል፤ ጆሮውን ጥሎ እንደሆነ ግልጽ ነው።

«እሺ፣ አሁን ምን ይደረጋል?» አሉ በመጨረሻ።

«ጠርዙን በስቼ በመዳብ ሽቦ ልሰፋው እችላለሁ፣ የተሰነጠቀ ቅል እንደሚሰፋው። ግን ስፌቱ ይታያል። የነጠላው እጥፋት ሥር ቢያደርጉት…»

«የባሌን አርማ የምደብቀው ለምንድን ነው? ነገ ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው ይለኛል። ምን ልበላቸው?»

መድኃኒት ስለ ማኅበሩ ሴቶች አሰበች። ማሰቧ አሳፈራት።

«መድኃኒት ሰበረችው ይበሉ» አለች።

አደይ ሲምረት ቀና ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አዩት። ከዚያ ዱካውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ፣ የጥቁሩን ቀሚስ እጅጌ ሰበሰቡ፣ ሁለቱን ቁራጮች በጣቶቻቸው ገጥመው አጥብቀው ያዙ።

«እንዳይንቀሳቀስ እኔ እይዘዋለሁ» አሉ። «አንቺ ቀስ ብለሽ ብሺው።»